ሰባት ከሦስት ሲያንስ፦ በሁለት ያገለገሉ የኮምፒዩተር ፕሮሰሰሮች ላይ የቀረበ ሂስ



በ2025 የሱኮት በዓል ባለፈ በሳምንቱ አንዲት እናት በስልካቸው ያነሡትን ፎቶግራፍ ይዘው ወደ ቢሮአችን መጡ። ፎቶግራፉ የልጃቸውን ኮምፒዩተር ስክሪን የሚያሳይ ሲሆን በላዩ ላይ በዕብራይስጥ የተጻፈ ረዘም ያለ መልእክት ነበረበት። እኚህ እናት ከጎንደር ከመጡ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስለሆናቸው መልእክቱን ማንበብ አልቻሉም። ልጁም «ምንም አይደለም» ብሎ ዘግቶታል። እርሳቸው ግን ከፖሊስ ወይም ከባንክ የመጣ ማስጠንቀቂያ መስሏቸው እንቅልፍ በዐይናቸው ሳይዞር ነው ያደሩት። «ልጆቼ፣ ምን አጥፍቶ ነው? አትደብቁኝ» አሉን።

ልጁ ያጠፋው ነገር አልነበረም። መልእክቱ የሚለው፣ ኮምፒዩተሩ የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 የተባለው ፕሮግራም ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 በኋላ ከማይክሮሶፍት መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ እንደማያገኝ፣ ኮምፒዩተሩም ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሸጋገር የሚጠየቀውን መመዘኛ እንደማያሟላ ነው። ዕቃው የተገዛው ግን በዚያው ዓመት በኦገስት ወር፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ነበር። ከኤመቅ ሳራ ሱቆች ከአንዱ በ950 ሸቅል፣ በአምስት ታሽሉሚም። ሦስቱ ክፍያ ገና አልወጣም።

በማግስቱ አብረናቸው ወደ ኤመቅ ሳራ ሄድን። ሥፍራውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መኪናችንን የምናሠራበት፣ ሶፋና ፍሪጅ የምንገዛበት ሠፈር ነው። በሱቁ መደርደሪያ ላይ ሁለት ዓይነት ጥቁር ኮምፒዩተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በአንደኛው ላይ «አይ7» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ዋጋው 950 ሸቅል ይላል። ሁለተኛው «አይ3» ተብሎ 890 ሸቅል ተጽፎበታል። እናትየዋ በኦገስት የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ለተማሪ የቱ ይበረታል?» ሻጩም ወደ ሰባቱ ጠቆማቸው። ሰባት ከሦስት እንደሚበልጥ ማን ይጠፋዋል? ስለዚህ ሰውዬው ዋሸ ለማለት እንቸገራለን። ይሁን እንጂ የቁጥሩን እኩሌታ ብቻ ነው የነገራቸው። በዚህ ዓምድ ሁለቱን ፕሮሰሰሮች እየመዘንን ሌላውን እኩሌታ ልንናገር ፈለግን።

ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒዩተሩ አንጎል ነው። በመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ያለው ሙሉ ስሙ ኢንቴል ኮር አይ7-2600 ይባላል፤ የወጣው በጃንዋሪ 2011 ነው። የሁለተኛው ስም ኮር አይ3-8100 ሲሆን የወጣው በ2017 መገባደጃ ላይ ነው። እንግዲህ ነገሩ ያለው ከሰረዙ በኋላ ባሉት ቁጥሮች ላይ ነው። 2600 ሲል የፊተኛዋ ሁለት «ሁለተኛ ትውልድ» ማለት ናት። 8100 ሲል ደግሞ ስምንተኛ ትውልድ። (አምስት አኃዝ ካለው፣ ለምሳሌ 10100 ከሆነ፣ የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች ትውልዱን ይነግራሉ፤ አሥረኛ ማለት ነው።) ሰባትና ሦስት የሚባሉት በአንድ ትውልድ መካከል ያለውን ማዕረግ እንጂ ዕድሜን አያሳዩም። በአገራችን በቅሎ የገዛ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ ኮርቻዋ ምንም ቢያምር ጥርሷን ገልጦ ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። ወረቀት ላይ የተለጠፈው «አይ7» ኮርቻው ነው፤ ጥርሱ ከሰረዙ በኋላ ይገኛል።

ለአይ7-2600 ፍርድ ስንሰጥ ግን አድልዎ እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ፤ ምክንያቱም ወዳጃችን ነበር። በቤን ጉርዮን ዩኒቨርሲቲ ስንማር በ2012 ሦስት ደባሎች ገንዘብ አዋጥተን የገዛነው ኮምፒዩተር ይህንኑ ፕሮሰሰር የያዘ ነበር። የሶሻል ወርክ ሰሚናሮቻችንን ሁሉ የጻፍነው በእርሱ ላይ ነው፤ አንድም ቀን አላሳፈረንም። በዚያን ጊዜ ከምርጦቹ አንዱ ነበር፤ ኢንቴል ሲያወጣው በጅምላ 294 ዶላር ነበር የተመነው፤ አይ3-8100 ግን ከስድስት ዓመት በላይ ዘግይቶ በ117 ዶላር ነው የወጣው። ደግሞም የዚህ አገር ልጅ ነው። ኢንቴል ከ1974 ጀምሮ በሐይፋ የምርምር ማዕከል አለው፤ ይህ ሁለተኛ ትውልድ በአመዛኙ የተነደፈው እዚያ ነው። መጀመሪያ የተሰጠው የሥራ ስምም ዕብራይስጥ ነበር፤ «ጌሸር»፣ ማለትም ድልድይ። በእስራኤል በዚሁ ስም የሚጠራ የፖለቲካ ፓርቲ ስለነበረ ስሙ ተቀይሮ ሳንዲ ብሪጅ ተባለ። ሻጩም «ይህ የእኛው የእስራኤል ሥራ ነው» እያለ አሞገሰልን። እውነቱን ነው፤ ግን የትውልድ አገሩ ዕድሜውን አይቀንስለትም።

አሁን ወደ ጉልበታቸው እንሂድ። ሁለቱም አራት ኮር አላቸው። ኮር ማለት ሠራተኛ ነው ብለን እንያዘው፤ በሁለቱም ቤት አራት አራት ሠራተኞች አሉ። የአይ7ቱ ብልጫ እያንዳንዱ ኮር ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ መያዝ መቻሉ ነው፤ ሻጮች ይህንን «ስምንት ነው» እያሉ ይሸጡታል። ስምንት ግን አይደለም። አንዲት ባልትና ያላት ሴት እንጀራው አክንባሎ ተከድኖበት እስኪበስል ድረስ ዞር ብላ ወጡን ታማስላለች፤ ጊዜዋን በደንብ ተጠቀመችበት እንጂ ሁለት ሴት አልሆነችም። በአይ7-2600 ውስጥ ያሉት አራት እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። አይ3-8100 ያንን ጥበብ አያውቅም፤ ነገር ግን አራቱም ሠራተኞች በዕድሜ ያነሱና እጃቸው የፈጠነ ነው። ከዚህ በፊት የነበሩት የዴስክቶፕ አይ3ዎች ሁለት ኮር ብቻ ነበራቸው፤ አራት የሆኑት በዚህ በስምንተኛው ትውልድ ነው። «አይ3 ደካማ ነው» የሚለው የቆየ ወሬ የመጣውም ከእነዚያ ነው።

ፍጥነታቸው በጊጋኸርዝ ሲለካ አይ7-2600 ከ3.4 ተነሥቶ እስከ 3.8 ይደርሳል፤ አይ3-8100 በ3.6 ላይ ረግቶ ይቀራል። እዚህም ላይ ቁጥሩ ያሳስታል። ጊጋኸርዝ የእርምጃን ብዛት ይናገራል፤ የእርምጃውን ርዝመት ግን አይናገርም። አዲሱ በአንድ እርምጃ ብዙ ይራመዳል። ስለዚህ አንድ ሥራ ለብቻው ሲሰጣቸው፣ ገጽ ሲከፈት፣ ሰነድ ሲጻፍ፣ አይ3ቱ በሩብ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቀድማል። ሁሉም ኮሮች በአንድነት የሚደክሙበት ከባድ ሥራ ላይ ግን ይቀራረባሉ፤ አሮጌው ያችን ሁለት ሥራ የመያዝ ጥበቡን ይዞ ትንሽ ብቻ ወደ ኋላ ይቀራል። በዕድሜው ላይ ይህን ማድረጉ ያስመሰግነዋል።

ለተማሪ ቤት የምንመክረውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቪዲዮ ነው። ልጆቻችን ትምህርት በዙም የሚከታተሉት፣ ያልገባቸውን ሒሳብ ከዩቲዩብ የሚማሩት በቪዲዮ ነው። ዩቲዩብ ቪዲዮውን ጨምቆ የሚልክበትን ቪፒ9 የሚባለውን መንገድ በአይ3-8100 ውስጥ ያለው የስዕል ክፍል ራሱ ይፈታዋል፤ ዋናው አንጎል አይደክምም። በአይ7-2600 ውስጥ ያለው የስዕል ክፍል ግን ከዚህ ዘዴ በፊት የተሠራ ስለሆነ አያውቀውም። ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ በአንጎሉ ላይ ይወድቃል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ልጁ ሌላ ገጽ ሲከፍት ቪዲዮው ይንተፋተፋል። ያ ልጅም «አስተማሪዋ ስትናገር አፏና ድምፅዋ አይገጥምም» ያለን ይህንኑ ነው።

ሁለተኛውና ዋናው የዊንዶውስ ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን በኦክቶበር 2021 ሲያወጣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በመሠረቱ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ብቻ እንደሚቀበል አስታወቀ። አይ3-8100 በበሩ ጠርዝ ላይ ቆሞ ገባ፤ አይ7-2600 ከነማዕረጉ ውጭ ቀረ። ለዊንዶውስ 10 የግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 2026 የሚደርስ የአንድ ዓመት ጭማሪ ተሰጥቷል፤ ነገር ግን አምስት ክፍያ ለሚከፍል ቤተሰብ ይህ ትንፋሽ መሰብሰቢያ እንጂ መፍትሔ አይደለም። ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒዩተር ወዲያው አይሞትም። በየጊዜው የሚገኙት የደኅንነት ቀዳዳዎች ግን ሳይደፈኑ ይቀሩበታል፤ በዚያው ኮምፒዩተር ደግሞ አባት የባንክ ሒሳቡን ያያል፣ እናት ለቢቱአሕ ሌኡሚ ቅጽ ይልካሉ። አንዳንድ ሻጮች መመዘኛውን በማለፊያ ዘዴ ዘልለው ዊንዶውስ 11ን በአሮጌው ላይ ይጭናሉ። መሥራቱን ይሠራል፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ላለው ኮምፒዩተር ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። ይህን ሳይናገሩ መሸጥ ነውር ነው እንላለን።

ስለ ኤሌክትሪክ የሚወራውን ግን አጋነው አይንገሯችሁ። የአሮጌው ጣሪያ 95 ዋት፣ የአዲሱ 65 ዋት ነው። ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ 30 ዋት ብለን፣ በቀን አራት ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ብናሰላው 36 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አንዱን በ60 አጎራ ብንይዝ በዓመት 22 ሸቅል ገደማ ነው። ኮምፒዩተር ደግሞ ሁልጊዜ በጣሪያው ልክ ስለማይሠራ ልዩነቱ ከዚህም ያንሳል።

በሁለቱም ሳጥኖች ላይ «ሜሑዳሽ»፣ የታደሰ፣ የሚል ቃል ነበረበት። ምኑ ታደሰ ብለን ጠየቅን። ሻጩ ዲስኩ ተለውጦ በኤስ ኤስ ዲ መተካቱን፣ ሜሞሪው 8 ጊጋ መደረጉን፣ ሳጥኑ መጽዳቱን ነገረን። ይህ መልካም ነው፤ እንዲያውም ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ኮምፒዩተርን የሚያፈጥነው አሮጌውን ዲስክ በኤስ ኤስ ዲ መለወጡ ነው፤ ያለ እርሱ ሁለቱንም ባትገዙ እንወዳለን። አንጎሉ ግን አይታደስም፤ በ2011 የወጣው እንደዚያው ነው።

ታዲያ አይ7-2600 ለምንም አይሆንም ማለት ነው? አይደለም። በነፃ ወይም በ200 ሸቅል ካገኛችሁትና ከዘመዶቻችሁ ሊኑክስ የተባለውን ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም የሚያውቅ ወጣት ካለ፣ ለዓመታት ያገለግላችኋል፤ ዕብራይስጡንም አማርኛውንም ይጽፋል። ያ ወጣት ከሌለ ግን በየችግሩ ሰው መጥራት ስለሚመጣ ነፃው ነፃ አይሆንም። በ950 ሸቅል ግን፣ ከአይ3ቱ 60 ሸቅል በልጦ፣ ዋጋው አይደለም።

ሱቅ ስትገቡ የዕብራይስጥ ትምህርት ሳይጨርሱም ሊጠየቅ የሚችል አጭር ጥያቄ አለ፤ «ኤይዜ ዶር?» የትኛው ትውልድ? ሻጩ ከስምንት በታች የሆነ ቁጥር ከጠራ ዊንዶውስ 11ን እንደሚቀበል ጠይቁና መልሱን በሕሽቦኒቱ ላይ ያስፍርላችሁ። ኮምፒዩተሩም ራሱ ይናገራል፤ አስነሡትና በዊንዶውስ ምልክቱ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ሲስተም» (በዕብራይስጡ ማዓሬኼት) የሚለውን ክፈቱ። ሙሉ ስሙ ከነሰረዙ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል እንጨምር። አዲስ ገቢ፣ ማለትም ቴዑዳት ኦሌ ከተሰጠው አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ከነጋዴ ጋር በስልክ ወይም በኢንተርኔት ተነጋግሮ በርቀት የገዛውን ዕቃ እስከ አራት ወር ድረስ ግዢውን ለመሰረዝ የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ይፈቅድለታል። ሕጉ የራሱ ልዩ ሁኔታዎች ስላሉት ወረቀታችሁን ይዛችሁ አማክሩን። እኚህ እናት ግን በእግራቸው ሱቅ ሄደው ስለገዙ ይህ አልጠቀማቸውም።

ከሻጩ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ተነጋገርን። በመጨረሻ አይ3ቱን ሊለውጥላቸው ተስማማ፤ ለ«ድካም» ግን 100 ሸቅል ጠየቀ። እኛ አይገባም ብለን ተከራከርን፤ እናትየዋ «ተዉት፣ ልጁ ፈተና አለበት» ብለው ከቦርሳቸው አውጥተው ከፈሉ። ኮምፒዩተሩን ተሸክመን ስንወጣ ሠራተኛው አሮጌውን አይ7 በጨርቅ አበሰና ወደ መደርደሪያው መለሰው። ወረቀቱም ዋጋውም አልተለወጠም፤ 950 ሸቅል።