ዮናስን ነኝ ያለች ሴት፦ የጃሪና ሊን የሕይወት ታሪክ ስናነብ

በ1836 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት መበለት የሕይወት ታሪኳን በትንሽ ጥራዝ አሳተመች። ለአንድ ሺህ ቅጂ 38 ዶላር ከፈለች። መጽሐፏን ያሰራጨችውም ሰው ለጉባኤ በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ራሷ ይዛ እየዞረች ነው። ስሟ ጃሪና ሊ ይባላል። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ያስቀመጠችው ጥቅስ ኢዩኤል 2፥28 ነው። ቁጥሩን ሳታይ የምታውቀው ጥቅስ ስለሆነ እዚህ አልደግመውም።

የአሜሪካ ሴቶች የመብት ጥያቄ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በ1848 በሴኔካ ፎልስ ከተማ ከተደረገው ስብሰባ ነው። በዚያ ስብሰባ 68 ሴቶችና 32 ወንዶች በአቋም መግለጫው ላይ ፈርመዋል። ከዘረዘሯቸው በደሎች አንዱ ሴት በመንግሥትም በቤተ ክርስቲያንም ዝቅ ያለ ስፍራ ብቻ እንደሚሰጣት የሚናገር ነው። የተሰበሰቡበት አዳራሽ ደግሞ የዌስሊያን ሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል፤ በ1920 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የተገኘው የመምረጥ መብት፣ ከዚያም በደቡብ ክልሎች ለጥቁር ሴቶች ያ መብት በተግባር እስኪከበር ድረስ እስከ 1965 የተደረገው ትግል። የጃሪና ሊ መጽሐፍ የታተመው ግን ከሴኔካ ፎልስ 12 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጥያቄው መጀመሪያ የተነሣው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ነው ብለን የምናስብ ከሆነ፣ ይህች ትንሽ ጥራዝ ቆም ብለን እንድናስብ ታደርገናለች።

ጃሪና በ1783 በኒው ጀርሲ ኬፕ ሜይ ከባርነት ነጻ ሆና ተወለደች። ነጻ ብትሆንም በሰባት ዓመቷ ከወላጆቿ 60 ማይል ርቃ የቤት ሠራተኛ ሆነች። ወደ ጌታ የመጣችው በፊላዴልፊያ ሪቻርድ አለን ሲሰብክ ሰምታ ነው። አለንን አንባቢ በደንብ ሊያውቀው ይገባል። በባርነት ተወልዶ ነጻነቱን በገንዘብ የገዛ ሰው ነው። በነጮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥቁሮች ለጸሎት ከተንበረከኩበት ሲጎተቱ አይቶ ከወገኖቹ ጋር ወጣ፤ በኋላም የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነ። ጃሪና የስብከት ጥሪዋን ይዛ የሄደችው ወደዚህ ሰው ነበር። እርሱም በጸሎትና በምክር ብታገለግል እንደማይከለክላት፣ ስለ ሴት ሰባኪ ግን የቤተ ክርስቲያናቸው ደንብ ምንም እንደማይል ነገራት።

እዚህ ላይ ሌላ ጸሐፊ ቢሆን ኖሮ የተገፋችውን ሴት ለቅሶ ይጽፍ ነበር። ጃሪና የጻፈችው ሌላ ነገር ነው፦ መከልከሏን ስትሰማ ደስ አላት። መስቀሉ ከጫንቃዋ የወረደላት መሰላት። ወዲያው ግን ለነፍሳት የነበራት ፍቅር ሲቀንስና ውስጧ ይነድ የነበረው እሳት ሲዳፈን ተሰማት። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ትልቁ ገጽ ይህ ነው። ክልከላ ሁልጊዜ እንደ ዱላ አይሰማም፤ አንዳንዴ እንደ ዕረፍት ይሰማል። ጉዳቱን ያየችው ከሳሽ ሆና ሳይሆን የራሷን ልብ መርምራ ነው። ስለዚህ አንባቢ በአለን ላይ ከመፍረዱ በፊት «እኔስ ምን ሲከለከል ነው ደስ ያለኝ?» ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል።

ከዚህ ቀጥሎ መከራከሪያዋን ታቀርባለች። ክርክሩ አጭር ነው። ክርስቶስ ለወንድ እንደ ሞተ ሁሉ ለሴትም ከሞተ፣ ያ ሞት አንዱን ለስብከት አብቅቶ ሌላዋን የሚያስቀርበት ምክንያት ምንድን ነው? ካልሆነማ አዳኝነቱን ለሁለት ከፍለን ግማሹን ብቻ ማመናችን ነው። የትንሣኤውን ዜና መጀመሪያ የተናገረችው ማርያም መሆኗንም ታነሣለች፤ ማርያም መጻሕፍትን ስላላብራራች ሰበከች አይባልም ለሚለው ተቃውሞም ዓሣ አጥማጆቹን በማስታወስ ትመልሳለች። በዚህ ክፍል ከእርሷ ጋር የማይስማማ አንባቢ ይኖራል፤ የጳውሎስን መልእክቶች በቀጥታ አንሥታ አለመጋፈጧ ክርክሩን ጎዶሎ አድርጎታል የሚልም አይጠፋም፤ ትክክልም ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩን ከመብት ሳይሆን ከስቅለቱ መጀመሯን ልብ ይሏል። የማያምን ሰው ይህን ክርክር ሊጠቀምበት አይችልም፤ አማኝ ደግሞ ሊያልፈው አይችልም።

ከዚያ አገባች፤ የአንድ መንደር ጉባኤ መጋቢ የሆነውን ጆሴፍ ሊን ተከትላም ሄደች። በስድስት ዓመት ውስጥ ባሏን ጨምሮ አምስት ቤተሰቦቿን ቀበረች፤ ሁለት ሕፃናት ይዛም ቀረች። ወደ ፊላዴልፊያ ተመልሳ አንድ ቀን በቤቴል ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣ ሳለ፣ ከዮናስ መጽሐፍ ይሰብክ የነበረው ሰው በመካከል መንፈሱ የተለየው መሰለ፤ ቃሉ ደረቀበት። ጃሪና ካለችበት ብድግ አለች። እንደ ዮናስ እኔም ተጠርቼ ወደ ስምንት ዓመት ዘግይቻለሁ አለች። ንግግሯን ስትጨርስ የጉባኤውን ሥርዓት አፍርሻለሁ፣ ያስወጡኛል ብላ ፈርታ ተቀመጠች። አለን ግን ተነሥቶ ከስምንት ዓመት በፊት እንደ ጠየቀችውና እርሱ እንዳቆያት ለጉባኤው ተናገረ፤ በዚያ ካሉት ሰባኪዎች ባላነሰ እንደ ተጠራች አምናለሁም አለ።

በዮናስ መመሰሏን አንብቦ ብቻ ማለፍ ስሕተት ነው። ዮናስ በገዛ እግሩ ወደ ኢዮጴ ወርዶ፣ ከፍሎ መርከብ የተሳፈረ ሰው ነው። ጃሪና የትም አልሸሸችም፤ ያቆማት ደንብ ነው፤ ከዚያም ትዳርና ሐዘን ተከተሉ። ታዲያ ጥፋቱን ለምን በራሷ ላይ አደረገች? አንዱ መልስ ትሕትና ነው። እኔ ሌላም አያለሁ። ጥፋቱን በራሷ ላይ ስላደረገች በጉባኤው ፊት ማንንም አልከሰሰችም፤ ስላልከሰሰችም አለን ራሱን መከላከል አላስፈለገውም። በፈቃዱ ተነሥቶ የበኩሉን ተናገረ። ብትወቅሰው ኖሮ ይህን ያደርግ ነበር? አይመስለኝም።

አሁን ከባዱ ክፍል። አንድ ጊዜ ለስብከት 30 ማይል ርቃ ስትሄድ የታመመ ልጇን ወዳጅ ቤት ትታ ሄደች። በዚያ ሳምንት ልጇ አንድም ጊዜ ትዝ እንዳላት አትጽፍም፤ ይልቁንም ሐሳቡ ከሥራዋ እንዳይመልሳት ከአእምሮዋ እንደ ተሰወረ ነው የምትናገረው። ስትመለስ ልጁን ደኅና አገኘችው። ስለዚህ ክፍል ሁለት ዓይነት አንባቢ አለ። አንዱ «እምነት ማለት ይህ ነው» ይላል፤ ሌላው «ይህቺ ምን ዓይነት እናት ናት?» ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል። ቤተሰቡን ትቶ ለወራት ወንጌል ይዞ የሚዞር ወንድ አገልጋይ በመጽሐፉ ስለ ልጆቹ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ባይጽፍ ማን ልብ ይለዋል? ጃሪና መጻፏ ራሱ ሕሊናዋ እንዳላረፈ ያሳየኛል። ዝም ብላ ልታልፈው ትችል ነበር።

ታማኝነቷ በሌላ ቦታም ይታያል። ጥቁሮች ነፍስ የላቸውም ብሎ የሚያምን፣ ባሮቹን በያዘው ነገር ሁሉ የሚደበድብ ሽማግሌ ባለባሪያ ስብከቷን ሊሰማ ይመጣል። ሰምቶም ጥቁሮች ነፍስ ሳይኖራቸው አይቀርም ወደ ማለት ይደርሳል፤ ጠባዩ እንደ ተሻሻለም ይወራል። የእኛ የምስክርነት መጻሕፍት ቢሆኑ ሽማግሌው በሚቀጥለው ገጽ እያለቀሰ ንስሐ ይገባ ነበር። ጃሪና ግን ይለወጥ አይለወጥ አልሰማሁም ብላ ታልፋለች። የማታውቀውን አልጨመረችም።

ይህን ከሶጆርነር ትሩዝ ታሪክ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ትሩዝ ማንበብና መጻፍ ስለማትችል የ1850 መጽሐፏን የጻፈችላት ኦሊቭ ጊልበርት ናት። በ1851 በኦሃዮ ያደረገችው ዝነኛ ንግግር ደግሞ ሁለት መልክ አለው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጋዜጣ የወጣው አንድ ነው፤ ፍራንሲስ ጌጅ ከ12 ዓመት በኋላ ያሳተመችው ሌላ ነው። ዛሬ በየመድረኩ የሚጠቀሰው ተደጋጋሚ ጥያቄ በመጀመሪያው ውስጥ የለም። ጌጅ በደቡብ ባሮች አነጋገርም ጽፋዋለች፤ ትሩዝ ግን በኒው ዮርክ የተወለደች፣ አፏን በሆላንድኛ የፈታች ሴት ናት። ሰው የወደደው ሌላ ሰው ያሳመረላትን ቃል ነው። የጃሪናን መጽሐፍ ያህል ያልተወደደ መጽሐፍ ያለው ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ አርታኢ ቢያርምላትም ታሪኩን የጻፈችው ራሷ ናት።

በ1849 ያወጣችው ሰፋ ያለው እትም ግን ይደክማል። ከተማ፣ ጥቅስ፣ የሰው ብዛት፣ ቀጣይ ከተማ፤ በአንድ ዓመት ብቻ፣ በ1827፣ 2,325 ማይል ተጉዛ 178 ጊዜ ሰብካለች። የቤተ ክርስቲያኗ የመጻሕፍት ኮሚቴ ረቂቁ ትርጉሙን ለመረዳት በሚያስቸግር መንገድ ተጽፏል ብሎ አልተቀበለውም፤ እርሷ እንደገና በራሷ ወጪ አሳተመችው። ኮሚቴው ስለ አጻጻፉ የተናገረው ከሞላ ጎደል እውነት ነው። እኔም ብዙ ገጾችን እያለፍኩ ነው ያነበብኩት። ሆኖም አለን በ1831 ካረፈ በኋላ በጉባኤ ፊት የሚመሰክርላት ሰው አልነበረም፤ የቀሯት እነዚህ የማይልና የስብከት ቁጥሮች ነበሩ። እትሙ በወጣ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1852፣ የቤተ ክርስቲያኗ ጠቅላላ ጉባኤ ለሴቶች የስብከት ፈቃድ ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ ውድቅ አደረገ። የመጀመሪያዋን ሴት ጳጳስ ቫሽቲ መኬንዚን የመረጠችው ያችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ዓመቱ 2000 ነበር።