ጀርባዋን የሰጠች ወፍ

ወፍ የሚያነሱ ወዳጆቼ ፎቶ ሲያሳዩኝ ቶሎ ብዬ የማየው ጅራቷን ነው። አብዛኛው ሰው ዓይኗን ያያል፤ ዓይኗ ጥርት ካለና ብርሃን ካረፈበት ፎቶው ተሳካ ይላል። ለውበቱ ልክ ነው። የወፏን ዝርያ ለመለየት ግን ዓይን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

በደጋው የመብራት ምሰሶ ላይ ተቀምጣ የምናያትን፣ ኦገር ባዛርድ የምትባለዋን ጭልፊት እንውሰድ። አንዷ ሆዷ ነጭ ነው፤ ሌላዋ ከአናቷ እስከ ሆዷ ጥቁር ናት። ጀማሪ ሁለት ዝርያ አድርጎ ይመዘግባቸዋል። ዞር ሲሉ ግን የሁለቱም ጅራት እንደ ሸክላ የቀላ ነው። ያላደገችው ደግሞ ጅራቷ ገና ቡናማ ሆኖ ጠቆር ያሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉበት፤ ስለዚህ ጅራቷ ዕድሜዋንም ይነግረናል። «ጀርባዋን ሰጠችኝ» ተብሎ የሚጠፋው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚበልጠው ነው።

ቁራም እንዲሁ ነው። ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ሲበር የተነሳ ቁራ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ ለግድግዳ አይሆንም። ጅራቱ በክንፎቹ መሃል የተዋጠ እስኪመስል አጭር ከሆነ ግን ባለ አጭር ጅራቱ የቁራ ዝርያ መሆኑን ያ ቅርጽ ብቻውን ያሳያል። እኔ የምጠራጠረው በኮምፒውተር ቀለሙ የደመቀውን ፎቶ ነው። ላባ በቀለም በሚለይበት ሥራ ቀለም መጨመር ማስረጃ ማበላሸት ነው።

ቦታና ቀን ያልተጻፈበት ፎቶም ግማሽ ሥራ ነው። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገድሎት ሲሞት፣ ከሰበሰባቸው ወፎች አንዷ ከየት እንደተገኘች የሚገልጽ ማስታወሻ አልተወም። በ1896 በስሙ ተሰየመች፤ መኖሪያዋ ግን እስከ 1940ዎቹ ድረስ ሳይታወቅ ቆየ። ዛሬ ወፍ ወዳዶች ነገሌ ቦረና ድረስ ሄደው የሚፈልጓት የሩስፖሊ ቱራኮ ይህችው ናት። ጉንጨ ነጭ ከሆነችው ዘመዷ ጋር ስለምትዳቀል፣ ጉትያዋ በደንብ ባልታየበት ፎቶ ሥር «ድቅል ሳትሆን አትቀርም» ብሎ የሚጽፈውን ሰው በሌላው ፎቶውም አምነዋለሁ።

ጎጆ ላይ የተነሳ ፎቶ ሲመጣልኝ ከጫጩቶቹ በፊት ዙሪያውን አያለሁ። የሸፈናቸው ቅርንጫፍ ለካሜራው ሲባል ተቆርጦ ከሆነ ለፀሐይና ለአዳኝ ተጋልጠዋል ማለት ነው፤ የቱንም ያህል ጥርት ብሎ ቢወጣ ያንን ፎቶ ለማንም አላሳይም።