ራሱን የሚያጸዳ ቀፎ

ሞርሲቶ አካባቢ ንብ የሚያረቡ ጎረቤቶቼ ስለ ቫሮዋ ሲያነሱብኝ መልሼ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፦ መንጋ የምታባዙት ከየትኛው ቀፎ ነው?

ቫሮዋ ቀላ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ልብ ብሎ ላየው በዓይን የሚታይ ጥገኛ ተባይ ነው። ከእስያ ንብ ወደ እኛው ዓይነት ንብ ተሻግሮ ዓለምን አዳርሷል። ሴቷ የእጩ ክፍል በሰም ሊታሸግ ሲል ሾልካ ትገባና ከእጩ አካል እየተመገበች እንቁላሏን እዚያው ትጥላለች። በአውሮፓ መድኃኒት ያላገኘ ቀፎ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቃል። የእኛ ንቦች ግን ተባዩን ተሸክመውም ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሃፍቶም ገብረመድኅንና ባልደረቦቹ በትግራይ ንቦች ላይ ያሳተሙት ጥናት የተባዩን መብዛት ምን እንደሚገታው መርምሯል፤ ከመረመራቸው ነገሮች መካከል ንቦቹ ተባዩን ከገላቸው ማራገፋቸውና የታመመ እጭ እየከፈቱ ማውጣታቸው ይገኙበታል።

ይህን የጽዳት ጠባይ በፍሬም ቀፎ መፈተን ይቻላል። ከታሸገው እጭ መቶ ክፍል መርጬ እያንዳንዱን በቀጭን መርፌ እወጋለሁ፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ስንቱ ተከፍቶ እንደጸዳ እቆጥራለሁ። አንዳንዱ ቀፎ ሁሉንም ለቅሞ አውጥቶ ይጠብቀኛል፤ ሌላው ግማሹን እንኳ አይነካም። ተባዩን ለመቁጠር ደግሞ 300 ገደማ ንብ ከእጩ እንጀራ ላይ አራግፌ፣ ንግሥቲቱ አለመግባቷን አይቼ፣ የወንፊት ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ በደቀቀ ስኳር አገላብጣቸዋለሁ። ስኳሩ ተባዩን ያላቅቀዋል፤ ንቦቹም በሕይወት ወደ ቀፏቸው ይመለሳሉ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ሌላ ነው። ንቦች መንጋ ሲከፍሉ ወይም ቀፎ ጥለው ሲኮበልሉ የታሸገ እጭ የሌለበት ጊዜ ይፈጠራል፤ ተባዩም መራቢያ ያጣል። በእንሰት ጓሮ ዛፍ ላይ በሚሰቀለው ባህላዊ ቀፎ ይህን የሚከለክል የለም። እኛ ባለ ፍሬሞቹ ግን ማር እንዲበዛልን የንግሥት ቤት እናፈርሳለን፤ እንዳይኮበልሉም እንቀልባቸዋለን። አንዱን መከላከያቸውን ከነጠቅናቸው የቀረላቸውን ማጠንከር ዕዳችን ነው። ስለዚህ ማር የቱንም ያህል ቢሰጥ፣ እጩን ከማያጸዳ ቀፎ መንጋ አላባዛም። ገቢ ይቀንሳል፤ ቢሆንም አልለወጠውም።

መድኃኒቱን የማልወደውም ለዚህ ነው፤ ደካማውንና ብርቱውን እኩል ያኖራል። የደካማው ቀፎ ድንጉላዎችም ይበራሉ። ንግሥት የምትገናኘው አየር ላይ፣ ከብዙ ድንጉላዎች ጋር ነው፤ አብዛኞቹ ከየት ግቢ እንደመጡ አይታወቅም። እኔ ብቻዬን ብመርጥ ጎረቤቴ ካልመረጠ የሚቀጥለው ትውልድ ይላላል። ከሩቅ አገር ንግሥት ማስመጣትንም በዚሁ ምክንያት እቃወማለሁ። ከሚያጸዳው ቀፎ ያገኘሁትን መንጋ ለጎረቤት በርካሽ እለቃለሁ፤ የምጠይቀውም ጎረቤቴ ዝርክርኩን ቀፎ ሲያገኝ ንግሥቲቱን አንሥቶ በዚህኛው መንጋ ልጅ እንዲተካት ነው።