ሁለተኛው ስፌት

የዓይን ቆብን ዳግም የሚከፍት ባለሙያ ምላጩን ከማንሳቱ በፊት የሌላ ሰው የእጅ ሥራ ማንበብ አለበት። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል ወይም በየወረዳው በሚደረግ የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ወረፋ ከሚይዙት እናቶች መካከል ቆባቸው ከዚህ በፊት የተሰፋ አሉ። ከጃናሞራ፣ ከበየዳ፣ ከደባርቅ ዙሪያ ደጋ የመጡ ናቸው። ቅሬታቸው ሁለት ነው። አንደኛውን በግልጽ ይናገሩታል፦ «ፀጉሩ ተመልሶ ይወጋኛል።» ሁለተኛውን ግን ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ነው የሚያወጡት፦ «ዓይኔ ተበላሸ፤ ሰው ያየኛል።» የመጀመሪያው ካርድ ላይ ይሰፍራል። ሁለተኛውን የሚጽፈው ጥቂት ሰው ነው። እኔ ግን ጎበዝ ባለሙያን ከሌላው የሚለየው ይህን ሁለተኛውን ቅሬታ እንደ ሕመም ቆጥሮ መስማቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕመሙ ትራኮማ ነው፤ የዓይን ማዝ። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ ከልጅነት ጀምሮ እየተመላለሰ የቆቡን ውስጠኛ ገጽ ያቆስላል። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳ ይጥላል፤ ጠባሳው ከዓመት ዓመት እየተኮማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን መፋቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 62.6 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። በአገር ደረጃ ደግሞ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሰው 3.1 በመቶው ሽፋሽፍቱ ተቀልብሷል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ፤ በሽታው ከሕፃናት ፊት ነው የሚጋባውና ሕፃናቱን ታቅፈው የሚውሉት እነሱ ናቸው።

በደጋው ወረንጦ ከማተብ ጋር አንገት ላይ ታስሮ ይኖራል። እሾህ ለማውጣት ብቻ አይደለም። ልጅ እናቷን ደጃፍ ላይ ፀሐይ ፊት አስቀምጣ የሚወጋውን ፀጉር ትለቅምላታለች። ሥራው እጅግ የቆየ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው የግብፆች የኤበርስ ፓፒረስ እንኳ ከዓይን የተነቀለ ፀጉር ተመልሶ እንዳይበቅል የሚቀባ መድኃኒት ይዟል። ፀጉሩ ግን በሳምንታት ውስጥ ይበቅላል። መሐል ላይ ከተሰበረ ደግሞ የሚቀረው ጉቶ ከረጅሙ ፀጉር የባሰ ይቧጥጣል። ስለዚህ ወደ ስፌት ይመጣሉ፤ ከተሰፉትም አንዳንዶቹ ይመለሳሉ።

ምርመራው የሚጀምረው በንባብ ነው። ባለሙያው 2.5 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ያደርግና ባትሪውን ከጎን ያበራል። «ወደ ላይ ይመልከቱ፣ እማማ። አሁን ወደ ፊት። አሁን ደግሞ እንደ ተኛ ሰው ቀስ ብለው ይጨፍኑ።» ይህች የመጨረሻዋ ትእዛዝ ቀላል ትመስላለች። ሳይጨመቅ በእርጋታ ሲጨፈን በሁለቱ ቆቦች መካከል ነጭ ክፍተት ከታየ፣ የፊተኛው ስፌት ቆቡን ከልክ በላይ አውጥቶታል ማለት ነው፤ ያ ዓይን ሌሊት ሌሊት እየደረቀ ይቆስላል።

ቀጥሎ ጠባሳውን ይፈልጋል። ከሽፋሽፍቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆዳው ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ካለ፣ የመጀመሪያው ሐኪም ቆቡን ከቆዳ እስከ ውስጠኛው ገጽ ድረስ ሙሉ ለሙሉ ቆርጦታል። ቆዳው ንጹሕ ከሆነ ቆቡን በጣቱ ይገለብጠዋል፤ መስመሩ ከውስጥ ነው ያለው። መስመሩ ብዙ ይናገራል። ወደ አፍንጫው ወይም ወደ ጆሮ ግንዱ ሳይደርስ ከቆመ፣ ጥጉ ላይ የቀሩት ፀጉሮች ከመጀመሪያውም አልተነኩም። ከተወላገደ ምላጩ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ወርዷል። የቆቡ መሐል እንደ ጎጆ ጣሪያ ከሾለ የመሐሉ ክር ከጎኖቹ በላይ ተጠብቋል። መስመሩ ከጠርዙ ጋር ተጠግቶ ከሄደ ደግሞ ለጠርዙ ደም የምታደርሰው ቀጭን የደም ሥር ሳትጎዳ አልቀረችም።

ሁሉም ግን የእጅ ጥፋት አይደለም፤ ይህን ሳይሉ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ቀድሞም ክፉኛ የተቀለበሰ ቆብ በጥሩ እጅ ተሰፍቶም ሊመለስ ይችላል። ጠባሳው ከስፌቱ በኋላም መሳቡን አይተውም።

ጎንደር ያለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያየ ሰው የመላእክቱን ዓይን አይረሳም። ሠዓሊው የላይኛውን ቆብ በአንድ ያልተቆረጠ ጥቁር መስመር ነው የሳበው፤ የፊቱ ሕይወት ያለው እዚያች መስመር ላይ ነው። በሕያው ዓይንም እንዲሁ ነው። የላይኛው ቆብ ቅስት ከሁሉ ከፍ የሚልበት ነጥብ ከብሌኑ መሐል ጥቂት ወደ አፍንጫው ያዘነብላል። ያ ነጥብ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ማንም ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ «ፊቷ ምን ሆነ?» ይላል። ስለዚህ የጃናሞራዋ እናት «ሰው ያየኛል» ስትል ያስተዋለችው እውነት ነው። በሀብታም አገር ለውበት ብሎ ቆቡን አስቀድዶ ያልወደደ ሰው ማረሚያ ፍለጋ ከሐኪም ሐኪም ይዞራል፤ የሚጨነቅባትም ሚሊ ሜትር ይህችው ናት። የእሷ ጭንቀት የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ማረሙ ስንመጣ ሥራው የሚጠይቀው እርጋታ ያስደንቃል። ማደንዘዣው ሊዶኬይን ነው፤ ደም እንዳይበዛ አድሬናሊን ይቀላቀልበታል። ጤነኛ ሥጋ ውስጥ በቀላሉ ይሰራጫል፤ ጠባሳ ውስጥ ግን አይሄድም። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ፣ ቦታ እየቀያየሩ ወግቶ መጠበቅ ያስፈልጋል። መጠበቁን የማይችል እጅ እዚሁ ላይ ይታወቃል።

ከዚያ የቆቡ ሰሌዳ አለ፤ ሐኪሞች ታርሰስ የሚሉት፣ ለቆቡ ቅርጹን የሚሰጠው ጠንካራ ክፍል። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ቁመቱ በላይኛው ቆብ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ጊዜ የተቆረጠ ስለሆነ አጥሯል፣ ተኮማትሯል፣ ከቆዳውም ጋር ተጣብቋል። ባለሙያው ቆቡን ገልብጦ ይይዝና ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ ጉዞ ይቆርጣል፤ የፊተኛው እጅ ያቋረጠበትን ቦታ አልፎ ይሄዳል። ቀጥሎ የተጣበቀውን በመቀስ ጫፍ ያላቅቃል። የተበላሸ ጥልፍ ጨርቁን ሳይቀድ የሚፈታ ሰው እንደሚያደርገው፣ ክሩ የት እንደያዘ በጣቱ እየዳሰሰ ነው። የጠርዙ ክፍል ነፃ ሲወጣ ያለ ጉልበት ወደ ውጭ ይዞራል። ካልዞረ የቀረ ማሰሪያ አለ፤ በክር ኃይል ላዙረው ያለ ሰው ያው የሾለ ቆብ መልሶ ይሠራል።

አሁን ክሩ። 5/0 የሚባለው ክር ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ አለው፤ ሁለቱም ከውስጥ ገብተው ከሽፋሽፍቱ በላይ ጎን ለጎን ቆዳው ላይ ይወጣሉ። ሦስት ቦታ፣ ጥጉ አስቸጋሪ ከሆነ አራት። ክሩ ወዲያው ጠብቆ አይቋጠርም፤ የመሐሉ ላላ ተደርጎ ይያዝና ጎኖቹ ከተያዙ በኋላ ሁሉም አንድ ላይ ይታያል። ባለሙያው ራሱን ቀና አድርጎ ከሌላኛው ዓይን ጋር ያስተያየዋል። አንዱን ያላላል፣ ሌላውን በፀጉር ስፋት ያጠብቃል። ዓላማው ቀጥ ማድረግ አይደለም፤ ጠርዙ ጥቂት ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይተወዋል፤ ጠባሳው በሚቀጥሉት ወራት ምን ያህል መልሶ እንደሚስብ ያውቃልና። ይህች ዛሬ ትርፍ የምትመስል፣ ከወራት በኋላ ግን ልክ የምትሆን ትንሽ ልዩነት፣ ለእኔ የሙያው ሁሉ ቁንጮ ናት።

ሰሌዳው ከነጭራሹ ያለቀበት ቆብም ይገጥማል። ያን ጊዜ ከታችኛው ከንፈር ውስጥ ስስ ሽፋን ተወስዶ በጠርዙ ላይ ይተከላል፤ ከንፈሩ በራሱ ጊዜ ይሽራል። ይህ የዘመቻ ሥራ አይደለም፤ የዓይን ስፔሻሊስትና ተረጋግቶ የሚሠራበት ክፍል ይፈልጋል። በሌላ በኩል ጥጉ ላይ አንድ ሁለት ፀጉር ብቻ ተመልሶባት ብሌኗን የማይነካትን እናት ምላጭ ሥር ማስተኛት አይገባም፤ ጥሩ ወረንጦና ክትትል ይበቃታል። መቼ እንደማይቆረጥ ማወቅም የዚያው ሙያ አካል ነው።

በክልላችን የቆብ ስፌትን በብዛት የሚሠሩት የዓይን ስፔሻሊስቶች ሳይሆኑ ለዚሁ የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። ለጎንደር ይህ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው ሐኪም ለማይደርስበት ገጠር የጤና ባለሙያ ለማውጣት ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት የእነዚህን ባለሙያዎች ስፌት ከስፔሻሊስቶቹ ጋር አወዳድሮ ልዩነት አላገኘም። ዶክተር እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቹ ደግሞ በምዕራብ ጎጃም 1,000 ሰዎችን በሁለት ዓይነት ስፌት አወዳድረው በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ ቆቡ ከነቆዳው ሲቆረጥ በአንድ ዓመት ውስጥ በ22 በመቶው፣ ከውስጥ ብቻ ሲቆረጥ ግን በ13 በመቶው ፀጉሩ ተመልሷል። ከዚያ በፊት በአማራ ክልል የሐር ክርና ራሱ የሚሟሟ ክር ተወዳድረው በአንድ ዓመት የተለየ ውጤት አልታየም። ለደገኛ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የሐሩ ክር ከሳምንት በኋላ መውጣት ስላለበት ያንኑ ዳገት ቁልቁለት ዳግመኛ ያስኬዳል።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አካባቢ ከትራኮማ ነፃ ሆነ ለማለት ካስቀመጣቸው መመዘኛዎች አንዱ፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰና በጤና ተቋማት የማይታወቁት ከ0.2 በመቶ በታች እንዲሆኑ ነው። ተሰፍታ ፀጉሩ የተመለሰባት እናት ግን «የምትታወቅ» ናትና በዚህ ቁጥር ውስጥ አትገባም። ወረዳው መመዘኛውን ሲያልፍ እሷ አሁንም ወረንጦዋን ትፈልጋለች። ስሟ መዝገቡ ላይ ካለ መልሶ የሚጠራት ሰው መመደብ አለበት፤ ከተሰፋች ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ የሚደረገውን ምርመራም የሚያካሂደው የሰፋው ሰው ራሱ ቢሆን መልካም ነው። ሥራውን በቀን ብርሃን፣ ሽሮ ሲያየው፣ የመሐሉን ክር ምን ያህል ማላላት እንደነበረበት ይረዳል፤ ለሚቀጥለው ወረፋ የሚጠቅመውም ይኸው ነው።