መሮ የያዘው ሰው

ብራይድከርክ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከኮከርማውዝ ከተማ አቅራቢያ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በቅድስት ብራይድ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ክርስትና ገንዳ አለ። እህቴን ልጠይቅ እንግሊዝ በሄድኩ ጊዜ ሌላ አገር አሳዪኝ አላልኳትም። እኔ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ፤ እዚያ ገንዳ ላይ ደግሞ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ተቀርጿል።

ሰውየው በገንዳው ላይ ከተቀረጸው ጽሑፍ ሥር፣ በሐረግ መካከል ነው ያለው። መዶሻና መሮ ይዞ ሥራ ላይ ነው። ዙሪያውን የተጠማዘዘው ቅጠልና ግንድ የብራና ጸሐፊዎቻችን በመጻሕፍት ራስጌ ከሚስሉት ሐረግ ጋር ዝምድና ያለው እስኪመስለኝ ድረስ ዓይኔን ይዞት ቀረ። ጽሑፉ ሩን በሚባለው በጥንታዊው የሰሜን አውሮፓ ፊደል ነው። ሪካርድ የሚባል ሰው ገንዳውን እንደሠራውና ለዚህ ውበት እንዳበቃው ይናገራል፤ ያውም ቤት በሚመታ ግጥም። የሚናገረው ግን ሪካርድ አይደለም። ድንጋዩ ራሱ አፍ አውጥቶ ስለ ሠሪው ይመሰክራል።

ሩን ቀጥ ቀጥ ባሉ ጭረቶች ስለሚጻፍ ለመሮ ይመቻል። የእኛን «ዐ» በድንጋይ ላይ የቀረጸ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ክቡን ለማምጣት መሮውን በትንሽ በትንሹ እያዞሩ፣ ትንፋሽ ይዘው መሄድ ነው። አንዴ ጠርዙ ከተሸረፈ መመለሻ የለውም። ሪካርድ ከሩኑ መካከል ጥቂት የመጽሐፍ ፊደላትንም ቀላቅሏል። ሁለት ዓይነት ፊደል በአንድ እጅ ማስማማት ቀላል አይደለም።

ገንዳውን የሚያየው ሰው ሁሉ የሚዞረው በውጭው ነው። በአንዱ ጎን የጌታችን ጥምቀት፣ በሌላው የአዳምና የሔዋን ከገነት መባረር፣ ደግሞም አስፈሪ አውሬዎች አሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት ሆዱን ነው። ምክንያት አለኝ። ወጣት ሳለሁ ለአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ገንዳ ልሠራ ድንጋይ መረጥኩ። በመዶሻ ስመታው እንደ ደወል ጮኸልኝ፤ ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ ድምፁ ይታፈናል። ውጩን፣ መስቀሉንና ሁለቱን ርግቦች፣ ሦስት ወር ቀርጬ ከጨረስኩ በኋላ መፈልፈል ጀመርኩ። አንድ ስንዝር ያህል እንደወረድኩ ከማዕዘኑ የፀጉር ያህል የቀጠነ መስመር ታየኝ። በማግስቱ ከርግቧ ክንፍ ደርሶ አገኘሁት። ሆዱ ሲወጣ ግድግዳው ይሳሳል፤ ድብቁ ጅማት የሚገለጠው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ሆዱን ሳልጨርስ ውጩን ነክቼ አላውቅም።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የብዙ ገንዳዎች ሆድ ውሃ እንዳያሳልፍ በእርሳስ ማዕድን ይለበጥ ነበር። የተባረከው ውሃ ገንዳው ውስጥ ይቆይ ስለነበር ለጥንቆላ የሚሰርቁት ሰዎች ነበሩ፤ በ1236 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ኤድመንድ ገንዳዎች ክዳንና ቁልፍ እንዲኖራቸው አዘዙ። በብዙ ጥንታዊ ገንዳዎች ጠርዝ ላይ የሚታየው ስብራት የቁልፉ ብረት ተነቅሎ የወጣበት ነው። ያን ስብራት ባየሁ ቁጥር ጥርሴን እንደነቀሉኝ ያህል ይሰማኛል።

ላሊበላ በቤተ ማርያም ግቢ ያለውን ገንዳ የፈለፈሉት ሰዎችም ከሪካርድ ብዙ የማይርቅ ዘመን ሰዎች ናቸው። እነሱ ድንጋዩን ከቦታው አላነሱትም፤ አለቱን ወደ ታች ፈልፍለው ውሃ የሚይዝ አደረጉት። የእነሱ መሮ የመታበትን ቦታ በጣቴ ዳስሻለሁ፤ ስማቸውን ግን ያገኘሁበት ቦታ የለም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ብራናውን የጻፈው ሰው በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን ጽፎ ጸሎት ይለምናል። ድንጋይ የጠረበው ለምን ዝም ይላል?

ትሕትና ነው ይሉኛል። እኔ የሪካርድን ሥራ ትዕቢት ብዬ አላየሁትም። ራሱን ከጌታችን ጥምቀት አጠገብ አላቆመም፤ ከጽሑፉ ሥር፣ ከሐረጉ መካከል፣ እየሠራ ነው የተወው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ እንደገና ሲሠራ ገንዳው ተርፎ ወደ አዲሱ ገባ፤ መዶሻውን የያዘው ሰውም አብሮ።

ባለፈው ዓመት ገንዳ ሠርቼ ሳስረክብ የደብሩ ቄስ ዞረው አዩትና «ስምህን አልጻፍክበትም እንዴ?» አሉኝ።

«አባታችን፣ ይገባል ብለው ነው?»

«ልጄ፣ የክርስትና ስምህን ጻፍ። በቅዳሴ የምንጠራህ በእሱ ነው።»

ተንበርክኬ ከማፍሰሻው ቀዳዳ ሥር፣ ማንም በማያይበት፣ የክርስትና ስሜን ቀረጽኩ። አንዱ ፊደል ክብ ነበረበትና ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በ40 ቀኑ ክርስትና የተነሣው የመጀመሪያው ሕፃን ወንድ ነበር። ውሃው ሲለቀቅ በፊደሎቹ ላይ ወረደ።