በእግር የምትነበብ ከተማ፦ የፎርስተር እስክንድርያ እና የእኛዋ እስክንድርያ

በሜዲትራኒያን ባሕር የሚመላለሱት የሽርሽር መርከቦች እስክንድርያ ወደብ ሲደርሱ መንገደኞቻቸው ለሁለት ይከፈላሉ። የሚበዙት በአውቶቡስ ተሳፍረው፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው፣ የጊዛን ፒራሚዶች አይተው ማምሻውን ይመለሳሉ። ጥቂቶቹ ግን ከወደቡ በር ወጥተው በእግራቸው ወደ ከተማዋ ይዘልቃሉ። ለእነዚህ ለጥቂቶቹ የተጻፈ የሚመስል አንድ መጽሐፍ አለ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1922 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እዚያው እስክንድርያ ያሳተመው «እስክንድርያ፦ ታሪክና መሪ መጽሐፍ» ነው። ከታተመ መቶ ዓመት ያለፈው ይህ መጽሐፍ ዛሬም ለእግረኛ ያገለግላልን? ለአማርኛ አንባቢስ ምን ይነግረዋል፣ ምንስ ይነፍገዋል?

ፎርስተር ወደ እስክንድርያ የመጣው በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በቀይ መስቀል ሥር ሆኖ የደረሱበት ያልታወቀ ወታደሮችን ወሬ ከቁስለኞች ለማሰባሰብ ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ ተቀመጠባት። የጻፈላት መጽሐፍ ዕጣ የከተማዋን ዕጣ ይመስላል። ደራሲው ራሱ በኋለኛው እትም መግቢያ ላይ እንደተረከው፣ አሳታሚዎቹ ቅጂዎቹ በእሳት መውደማቸውን ገልጸው የመድን ካሳ ተቀበሉ፤ ቆይቶ ግን መጻሕፍቱ በምድር ቤት ውስጥ ደህና ሆነው ተገኙ። ካሳው አስቀድሞ ተከፍሏልና ሆን ተብሎ ተቃጠሉ። በቤተ መጻሕፍቷ መጥፋት ስሟ ለሚነሣ ከተማ ከዚህ የሚስማማ መጽሐፍ አይገኝም።

መጽሐፉ ሁለት ክፍል አለው፤ ፊተኛው ታሪክ፣ ኋለኛው የጉብኝት መንገድ ነው። የፎርስተር ብልሃት ያለው ሁለቱን ባገናኘበት አኳኋን ላይ ነው። ታሪኩን የሚያነብ ሰው ነገሩ ወደተፈጸመበት ቦታ ገጽ ይመራል፤ ቦታው ላይ የቆመውም ወደ ታሪኩ ገጽ ይመለሳል። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። በእስክንድርያ ጥንታዊው ነገር በአብዛኛው ለዓይን አይታይም። የፋሮስ የብርሃን ማማ በምድር መንቀጥቀጥ ፈርሷል፣ የነገሥታቱ ሰፈር በከፊል ባሕር ገብቷል፣ በቀረው ላይ አዲስ ከተማ ተሠርቶበታል። ፎርስተርም የሚታዩት ነገሮች በራሳቸው ያን ያህል እንዳልሆኑ፣ የሚማርኩትም ባለፈው ዘመን በኩል ሲቀርቧቸው እንደሆነ አይሸሽግም።

የእኛ ሊቃውንት አንድን ቃል «አንድም» እያሉ እንደሚያመሠጥሩት፣ ፎርስተርም አንድን መንገድ እየደጋገመ ይፈታዋል። ከዋናው አደባባይ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚያስኬደው የሮዜታ ጎዳና፣ አንድም በጥንት ጊዜ ከፀሐይ በር እስከ ጨረቃ በር ይዘልቅ የነበረው የካኖፐስ መንገድ ነው። ከእርሱ በኋላ ደግሞ የንጉሥ ፉአድን፣ ከ1952ቱ አብዮት ወዲህም የነጻነትን ስም ተሸክሟል። ወደ ሰሜን ሲሄዱም እንዲሁ ነው። የቱርክ ከተማ የሚባለው ሰፈር የቆመው በጥንት ዘመን የብሱን ከፋሮስ ደሴት ጋር ባገናኘው ድልድይ ዙሪያ በተጠራቀመ ደለል ላይ ስለሆነ፣ እግረኛው የሚራመደው ድሮ ባሕር በነበረ ምድር ላይ ነው። በጫፉ የሚያገኘውን ምሽግ የማምሉኩ ሱልጣን ቃይትባይ በ1470ዎቹ ያሠራው በብርሃኑ ማማ ሥፍራ ነው። መጽሐፉን ያላነበበ ምሽግ አይቶ ይመለሳል፤ ያነበበ ግን ማማውንም ያያል።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል ፎርስተር ግጥም አስገብቷል፤ የእስክንድርያው ግሪካዊ ባለቅኔ ካቫፊ አንቶንዮስ ከተማዋን ስለሚሰናበትበት ሌሊት የጻፈውን፣ በቫላሶፑሎ የእንግሊዝኛ ትርጉም። በትርጉም ሥራ የሚተዳደር ሰው ይህን ምርጫ ሳያደንቅ አያልፍም። ከታሪክ ወደ ጎዳና የሚያሻግረው ድልድይ የተተረጎመ ግጥም ሆኗልና፤ ያውም ካቫፊ ከከተማው ውጭ እምብዛም በማይታወቅበት ጊዜ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ፎርስተር ግን እግረኛው ገና ሳይረግጣት እንዲናፍቃት ያደርጋል። ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ መርከቡ መመለስ ላለበት መንገደኛ ይህ ስሜት ትክክለኛ ነው።

ይሁንና መጽሐፉ የሚያስናፍቀው ደራሲው የወደደውን ብቻ ነው። ከ642ቱ የዓረቦች ድል እስከ 1798ቱ የናፖሊዮን መምጣት ያለው ከሺህ ዓመት የበለጠ ዘመን በጥቂት ገጾች ያልቃል። ለግሪኩ ዘመን ድንጋይ በድንጋይ የሚመራን ሰው ቱርክ ከተማ ሲደርስ ዝም ብሎ መንከራተት ይሻላል ብሎ ይመክረናል። ምክሩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሰፈሩን ማንበብ እንዳልቻለ የሚያጋልጥም ነው። በዚያው ሰፈር በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአንዳሉስያ ከሙርሲያ የመጣው ሱፊ አቡ አልዓባስ አልሙርሲ ተቀብሯል። ፎርስተር በግሪኮቹ ያደነቀው ከባሕር ማዶ መጥቶ ከተማዋን የራስ ማድረግ በዓረብኛም ተፈጽሟል። የፎርስተር እስክንድርያ እንግዶች እንጂ ግብጻውያን የጎደሏት ናት።

ሁለተኛው ጉድለት ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ፎርስተር የክርስትናውን ዘመን ሲተርክ ፈላስፋዋ ሂፓትያ በ415 በክርስቲያን ሕዝብ እጅ መገደሏን ይነግረንና፣ የግሪክ መንፈስ ከእርሷ ጋር እንደሞተ ይደመድማል። ግድያው ነውር ነው፤ ማንም ሊያስተባብለው አይገባም። ድምዳሜው ግን አልጸናም። በእርሱ ጊዜ የአፈር ጉብታ በነበረው በኮም ኤል ዲካ የፖላንድ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ከ1960 ጀምሮ ቆፍረው የሮማውያንን ቴአትር፣ ቀጥሎም ወደ ሃያ የሚጠጉ የትምህርት አዳራሾችን አግኝተዋል። አዳራሾቹ ከ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 7ኛው ያገለገሉ፣ ማለትም ከሂፓትያ ሞት በኋላ ክርስቲያኖችም አረማውያንም የተማሩባቸው ናቸው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አሪስጣጣሊስን በድፍረት የተቸው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ክርስቲያን እስክንድርያዊ ነበር። ፎርስተር ያልተቆፈረውን ሊያውቅ አይችልም፤ የዛሬ አንባቢ ግን የማወቅ ግዴታ አለበት።

ከዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ከማንኛውም የመርከብ መንገደኛ የተለየ ዕውቀት ይዞ ይወርዳል። ፍሬምናጦስን ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው። ከግሪክ ወደ ግዕዝ በአክሱም ዘመን የተተረጎመው «ቄርሎስ» የተሰየመው በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ነው። በዓላትን የምናወጣበት ባሕረ ሐሳብ የሚነገረው በእስክንድርያው ድሜጥሮስ ስም ነው። መንበሩ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ካይሮ ቢዛወርም፣ እስከ 1951 ድረስ የኢትዮጵያ ጳጳሳት የሚመጡት ከመንበረ ማርቆስ ነበር። በፎርስተር ዘንድ የግሪክ መክሰሚያ የሆነው ዘመን ለእኛ የመጽሐፍና የቀመር መነሻ ነው። ሁለቱም ንባቦች በአንድ ጎዳና ላይ ይገናኛሉ። ከሮዜታ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ይገኛል፤ በ1892 ተመሥርቶ፣ ከ2005 ጀምሮ ተዘግቶ፣ በ2023 እንደገና የተከፈተው የግሪክና የሮማ ሙዚየምም እዚያው አካባቢ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? መጽሐፉ በኪስ ሊያዝ የሚገባው ነው፤ በእግር መሄድ ማንበብ መሆኑን እንደ እርሱ ያስተማረ መሪ መጽሐፍ ጥቂት ነውና። ሆኖም በኅዳጉ ላይ ሊጻፍበት ይገባል። ፎርስተር አጥፍቶ ባለፈበት ቦታ የቁፋሮው ግኝት፣ ዝም ባለበት የዓረብኛው ታሪክ፣ በናቀበት የግዕዙ መጽሐፍ ይጨመርበት። ይህን ያደረገ እግረኛ በስምንት ሰዓት ቆይታው ከአደባባዩ እስከ ኮም ኤል ዲካ፣ ከኮም ኤል ዲካ እስከ ቃይትባይ ቢራመድ ፒራሚዶቹ አያመልጡትም፤ ወደ አራት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያስቆጠሩት እነዚያ ድንጋዮች ሌላ ጊዜም ይጠብቁታል። እስክንድርያ ግን የምትታየው ለሚያነባት ብቻ ነው።