ዓይን የተጨፈነባቸው ፎቶዎች

ጥር ሲገባ ጓደኛዬ ይጠፋል። ስልክ ብደውል አያነሳም፤ ካነሳም ከጀርባው የመኪና ጡሩምባና እልልታ ስለሚሰማ ወሬያችን ሁሉ «ምን አልክ?» ብቻ ሆኖ ያልቃል። የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። ዓቢይ ጾም ከገባ 55 ቀን ሙሉ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም። ስለዚህ የስቱዲዮውን የዓመት ኪራይ ጾሙ ሳይገባ ባሉት ሳምንታትና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቀናት ማግኘት አለበት። በቀሪው ጊዜ የቤተሰብና የልደት ፎቶ ያነሳል።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጥር መጨረሻ፣ አንድ ምሽት ቤቱ ስሄድ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ከአንድ ሠርግ ብቻ 4,200 ፎቶ ይዞ መጥቷል። ለሙሽሮቹ የሚሰጠው 600 ያህሉን ነው። የቀረውን አንድ በአንድ እያየ መጣል አለበት፤ ሁለት ሌሊት ይፈጅበታል። እኔ ደግሞ ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው፤ ሰው በእጁ እየደጋገመ የሚለፋበት ነገር ሳይ አያስችለኝም። «ይሄን እኮ ፕሮግራም ይሠራዋል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ሞክራ!» አለኝ።

በአንድ ቅዳሜና እሁድ ጻፍኩት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ፎቶው ጥርት ያለ ነው ወይስ የደበዘዘ? ይህን ለማወቅ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሮ፣ ጎን ለጎን ባሉ ነጥቦች መካከል ብርሃኑ ምን ያህል በድንገት እንደሚቀያየር ይለካል። ጥርት ባለ ፎቶ ውስጥ የነገሮች ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ይዘላል፤ በደበዘዘው ውስጥ ይለዝባል። ሁለተኛ፣ የሰዎቹ ዓይን ተከፍቷል? ዓይን ዙሪያ ነጥቦች አስቀምጦ የዓይኑን ቁመት ከወርዱ ጋር ያነጻጽራል። ሦስተኛ፣ በተከታታይ የተነሱ ተመሳሳይ ፎቶዎች ካሉ አንዱን አስቀርቶ ሌሎቹን ይጥላል። ቡናው ቶና ሳይደርስ 4,200ውንም ጨረሰ።

ጓደኛዬ የተመረጡትን ዞር ብሎ እንኳ አላየም። በቀጥታ የከፈተው «የተጣሉ» የሚለውን ፎልደር ነው።

ሠርጉ ያለው እዚያ ውስጥ ነበር።

የሙሽራዋ አያት እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ፣ ቤቱ ሙሉ «አሜን» ሲል፣ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ደፍቷል። ፕሮግራሜ ጥሎታል። ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ ፊታቸው አይታይም፤ የእናትየውም ዓይን በእንባ ተጨፍኗል። ጥሎታል። እስክስታ የወረደችው አክስት ትከሻዋ ከፍጥነቱ የተነሳ ጭስ መስሏል። እሱንም ጥሎታል። ያስቀረው ምን መሰላችሁ? ሁሉም ሰው ካሜራውን እያየ ተደርድሮ የቆመባቸውን።

ኮዱ ላይ አንድም ስህተት አልነበረም። የጻፍኩትን በትክክል ሠርቷል። የተሳሳተው «ጥሩ ፎቶ ማለት ጥርት ያለና ሁሉም ዓይኑን የገለጠበት ነው» ብዬ፣ ማመኔን እንኳ ሳላውቅ ያመንኩት ነገር ነው።

ስለ ሠርግ አልበም ሂስ መጻፍ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ግን እስቲ አስቡት። አብዛኞቻችን ባደግንበት ቤት ግድግዳ ላይ የሠዓሊ ሥራ አልተሰቀለም። የግጥም መጽሐፍ የነበረበት ቤትም ብዙ አይደለም። አልበም ግን ነበር። እንግዳ ሲመጣ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ እጁ ላይ የሚቀመጥለት እሱ ነው። ስለ ልብ ወለድ «ገጸ ባሕርይዋ አልተሳለችም» እንላለን፤ ስለ ፊልም «ይንዛዛል» እንላለን፤ ስለ ሠርግ ፎቶ ግን «ያምራል!» ብለን ገጹን እንገልጣለን። የሚተቸው የሌለ ጥበብ ደግሞ እርስ በርሱ እየተገለባበጠ ይኖራል። ማስረጃ ከፈለጋችሁ የማንኛውንም ሁለት ዘመዶቻችሁን አልበም የመናፈሻ ክፍል ጎን ለጎን አስቀምጡት። ሙሽራው ሰዓቱን ያስተካክላል። ሙሽሪት ትከሻዋ ላይ ዞራ ወደ ታች ታያለች። ሚዜዎቹ ይዘላሉ። ፊቶቹን ብትቀያይሯቸው ማንም አያውቅባችሁም።

የጓደኛዬም የመናፈሻ ፎቶዎች እንደዚያው ናቸው። ይህን ለእሱም ነግሬዋለሁ፤ ወዳጅነቴ ሂሴን አያስቀረውም። ብርሃኑ ንጹሕ ነው፣ ቬሎው ያበራል፤ ግን ያቺ ሙሽራ ማን እንደሆነች ምንም አይነግሩኝም። ምርጥ ሥራው ያለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ በሙሽራዋ ቤት ውስጥ በሚያነሳቸው ውስጥ ነው። እዚያ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ማንም «እንዲህ ሁኑ» አይባልም።

አንድ ቀን እንደ ረዳት ሆኜ ሌንስ ተሸክሜ አብሬው ሄድኩ። ካሜራውን ሳያወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ሰላምታ ብቻ ሰጠ። «አባባ፣ ዛሬ የሚመርቁት እርስዎ ነዎት?» ይላል። ሙሽሪትን ያሳደገቻት የትኛዋ አክስት እንደሆነች ይጠይቃል። ከአሜሪካ ማን እንደመጣ፣ ማን እንዳልመጣ፣ ከማን ጋር ለረጅም ጊዜ ሳይነጋገሩ እንደቆዩ ከወጥ ቤት ይሰማል። መጀመሪያ ላይ ተግባቢነት መሰለኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ምርቃቱ ሲጀመር እሱ ቀድሞ ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆሟል፤ ሽማግሌውን ከጎን፣ የሙሽሮቹን የተደፋ አንገት ከላይ፣ ከኋላ ደግሞ በር ላይ ቆማ የምታለቅሰውን አክስት በአንድ ላይ ሊያይ የሚችልበት ቦታ። ፍላሹን አጥፍቷል፤ ምክንያቱም ፍላሽ ከበራ ሰው ዓይኑን ይገልጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስበው ስለ ካሜራው ነው። «ሙያውን ይወዳል» ሲባል እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው። ስለ ካሜራ ሲያወራ ዓይኑ ስለሚበራ አይደለም። ማን በማን ምክንያት እንደሚያለቅስ ቀድሞ ለማወቅ ስለሚደክም ነው።

ስለ ብርሃንም ላንሳ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። ሳሎኑ በነጭ ነጠላና በቬሎ ሲሞላ «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ምስሉን ያጨልማል፤ ነጩ ግራጫ ይሆናል፣ የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ይጠፋል። ለፊቱ ብለህ ብርሃን ስትጨምር የቬሎው ጥልፍ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ጓደኛዬ መለኪያውን ትቶ በእጁ ያስተካክላል፤ ፊቱን ከመስኮት በሚመጣ ብርሃን ያተርፋል፣ ጥልፉንም አያጣም። ካሜራው ጥቁር ቆዳን ዓይቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ታሪኩም ይህን ያግዛል። ለብዙ ዓመታት የኮዳክ ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» ተብሎ በሚጠራ ካርድ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ነበረች። እሷ ካማረች ሁሉም አምሯል ማለት ነው። ሎርና ሮዝ የተባለች ካናዳዊት ተመራማሪ እንደጻፈችው፣ ኮዳክ ፊልሙ ቡናማ ቀለሞችን በደንብ እንዲለይ ከገፉት ምክንያቶች አንዱ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ ነው። የሰው ፊት ያላስነሳውን ጥያቄ ቸኮሌት አስነሳው። ይህን ሳነብ የራሴ ፕሮግራም ትዝ አለኝ። እኔም የራሴን «ሸርሊ» ሠርቼ ነበር፦ ዓይኗን የገለጠች፣ የማትንቀሳቀስ፣ የማትጸልይ።

«እንግዲያው ማስቆም ራሱ መጥፎ ነው» ልትሉኝ ትችላላችሁ። አይደለም። ባማኮ ድረስ ልውሰዳችሁ። ማሊያዊው ሰይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ስቱዲዮ ከፍቶ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የከተማውን ሰው አነሳ። የሚጠቀምበት ትልቅ ካሜራ ፊልሙ 13 በ18 ሴንቲ ሜትር ነው። ፊልም ውድ ስለሆነ ለአንድ ደንበኛ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ይጫናል። አንድ! ጓደኛዬ 4,200 ጊዜ የሚጫነውን ቁልፍ እሱ አንዴ። ሰዎቹን ያስቆማል፣ እጃቸውን ያስተካክላል፣ ከኋላቸው ጨርቅ ይዘረጋል፤ የመጀመሪያው ጨርቅ የራሱ የአልጋ ልብስ ነበር። ኮት፣ ሰዓት፣ ሬድዮ ያውሳቸዋል። ሁሉም ነገር የተደረደረ ነው። ሆኖም ወፍራም መነጽር አድርጎ፣ ነጭ ኮት ለብሶ፣ አንዲት አበባ በጣቱ የያዘውን ወጣት ስታዩ ያንን ሰው ከሌላ ሰው አትቀያይሩትም። ለምን? አቋቋሙን ያስተካከለው ኬይታ ቢሆንም፣ ምኞቱ ግን የራሱ የወጣቱ ስለሆነ ይመስለኛል። ኮቱ ውሰት ሊሆን ይችላል፤ መሆን የፈለገው ሰው ግን ውሰት አይደለም።

የእኛ መናፈሻ ላይ የሚጎድለው ይህ ነው። ሙሽሮቹ የሚቆሙት ስልክ ላይ ያዩትን የሌላ ሙሽራ አቋቋም ነው፤ እሱም ከሌላ የተቀዳ። ጓደኛዬ ሲመልስልኝ «እነሱ እኮ ስክሪን ሾት ይዘው ነው የሚመጡት፤ እንዲህ ካላደረግክ ሌላ ጋ እንሄዳለን ይላሉ» አለኝ። እውነቱን ነው። ኪራይ የሚከፍለው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ግን የተከራከርንበት ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ደንበኞች «ትንሽ ቀላ አድርገኝ» ይሉታል፤ እሱም ያደርገዋል። ጠዋት በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ በመስኮት ብርሃን ያተረፈውን ጠይም ፊት ማታ በመዳፊት ያነጣዋል። «ያነሳኸውን ራስህ እየሰረዝከው ነው» አልኩት። «የእሷ ፊት ነው፣ የእሷ ገንዘብ ነው» አለኝ። የኬይታን ውሰት ኮት አድንቄ ይህን ስቃወም ከራሴ ጋር እየተጣላሁ መሆኔን አውቃለሁ፤ ሁለቱም ምኞት ናቸው። ልዩነቱ ግን ይሄ ይመስለኛል፦ ኮቱ ሲወልቅ ወጣቱ እዚያው አለ። የነጣው ፎቶ ግን ከ30 ዓመት በኋላ ልጅቷን ለልጇ ሲያሳያት፣ የሚያሳየው ሌላ ሴት ነው።

30 ዓመት ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ወላጆቼ ሲጋቡ ፎቶ አንሺው የያዘው አንድ ባለ 36 ፊልም ነበር። ከዚያ ውስጥ ዛሬ ቤታችን ያሉት 11 ናቸው። በአንደኛው ላይ አባቴና እናቴ ኬክ ይቆርሳሉ፤ በስተግራ ጠርዝ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዛ እየቸኮለች ታልፋለች። ግማሽ ፊቷ ብቻ ነው የገባው፤ እሱም ደብዝዟል፤ ዓይኗም የተከፈተ አይመስልም። እሷ የእናቴ እናት ናት። እኔ ሳልወለድ ሞተች፤ ከዚህ ሌላ ፎቶ የላትም። ለልጇ ሠርግ እንኳ ቁጭ ብላ ፎቶ አልተነሳችም፤ እንግዳ ታስተናግድ ነበር። እናቴ ፎቶውን ባየችው ቁጥር ጣቷን የምታሳርፈው ኬኩ ላይ ሳይሆን እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። «እንዲህ ነበር አካሄዷ» ትላለች።

ያንን ፎቶ ስካን አድርጌ ለፕሮግራሜ ሰጠሁት። «የተጣሉ» ውስጥ አስገባው። ጠብቄው ነበር፤ ቢሆንም ስክሪኑ ላይ ሳየው ተነስቼ ወጣሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚል የፎቶ መጽሐፍ ታትሟል። ከየቤቱ የተሰበሰቡ የድሮ የከተማው ፎቶዎች ከነታሪካቸው የተካተቱበት ነው። ሳገላብጠው የታየኝ፣ እነዚያን ምስሎች ያነሷቸው ፎቶ ቤቶች «ታሪክ እየጻፍን ነው» ብለው እንዳልነበረ ነው። ከቦያጂያን ቤተሰብ ጀምሮ፣ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥቱን ያነሱ አርመናውያን ስማቸው በታሪክ ይነሳል። የሰፈሩ ፎቶ አንሺ ስም ግን ከፎቶው ጀርባ ያለ ማኅተም ላይ ካልቀረ የትም የለም። የወላጆቼን ሠርግ ያነሳውን ሰው ስም እናቴም አታስታውሰውም። ያቺን የምትቸኩል ሴት ሆን ብሎ ይሁን በአጋጣሚ ያስገባት የምጠይቀው ሰው የለኝም። ሆን ብሎ ነው ብዬ ማመን እፈልጋለሁ። ጓደኛዬን ካየሁ በኋላ ደግሞ ይቻላል ብዬ አምናለሁ።

ፕሮግራሙን አልሰረዝኩትም፤ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ቀየርኩት። አሁን ምንም አይጥልም፤ ከጥርት ያለው ወደ ደበዘዘው፣ ዓይን ከተገለጠበት ወደ ተጨፈነበት ደርድሮ ብቻ ያስቀምጣል። ጓደኛዬ ይጠቀምበታል፤ ግን እኔ እንዳሰብኩት አይደለም። ፎልደሩን ይከፍትና በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ይወርዳል። ከዚያ ወደ ላይ ማየት ይጀምራል።